ቈጣሪው ማንን ይቈጥራል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሠልጣኝ «ስድስት አኃዝ ያለውን የሚስጥር ቁጥሬን ማን ሊገምተው ይችላል?» ስትል ጠየቀችን። መልሱ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን ስላመንን እዚህ ለጠፍነው።

እስቲ ከሻንጣ ቁልፍ እንነሣ። ባለ ሦስት አኃዝ ቁልፍ ከ000 እስከ 999 ድረስ 1,000 ቁጥሮች አሉት። አንዱን ለመሞከር ሦስት ሴኮንድ ቢፈጅ ሁሉም በ50 ደቂቃ ያልቃል። ባለ ስድስት አኃዝ ሲሆን ቁጥሮቹ 1,000,000 ይደርሳሉ። ሌት ተቀን ሳያርፍ በእጁ ለሚሞክር ሰው ይህ ከ34 ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ ለኮምፒዩተር ግን ምኑም አይደል። እንግዲህ ቁጥሩን የሚጠብቀው ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን «ይህን ያህል ጊዜ ከተሳሳትክ ይበቃሃል» የሚለው የሙከራ ገደብ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ገደቡ በየበሩ አለ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2016 አናንድ ፕራካሽ የተባለ ሕንዳዊ ይህንኑ በፌስቡክ ላይ መረመረ። የይለፍ ቃል ለጠፋበት ሰው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይላክ ነበር። በዋናው ገጽ ላይ ከ10 እስከ 12 ጊዜ የተሳሳተ ይታገድ ነበር። አዳዲስ ሥራ በሚሞከርበት የጎን ገጽ ላይ ግን ገደቡ ጭራሽ አልነበረም! የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ክፍት መተው ይሉሃል ይህ ነው። ሰውዬው የሞከረው በራሱ ሒሳብ ላይ ሲሆን፣ ላኩባንያው አስታውቆ 15,000 ዶላር ተሸለመ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚቈጠረው ማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላክስማን ሙቲያ የኢንስታግራምን መረመረ። እዚያ ገደብ ነበረ፤ ነገር ግን ጥያቄው የመጣበትን የኮምፒዩተር አድራሻ ተከትሎ ነበር የሚቈጥረው። ስለዚህ በ1,000 አድራሻዎች 200,000 ሙከራ ላከ። በአንድ አድራሻ 200 ማለት እኮ ነው። በ5,000 አድራሻ ቢሆን ሚሊዮኑ ይሞላል፤ ወጪውን እሱ ራሱ ወደ 150 ዶላር ገምቶታል። ቁጥሩ የሚያገለግለው ለ10 ደቂቃ ብቻ ስለ ነበር ጥያቄዎቹን ባንድ ጊዜ ነው የለቀቃቸው። ይህም ሌላ ቀዳዳ ነው፦ ዘበኛው አስገብቶ በኋላ የሚመዘግብ ከሆነ፣ ተማሪው ተጋፍቶ ሲገባ መዝገቡ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህም ሽልማቱ 30,000 ዶላር ነበር።

«እንግዲያው አምስቴ የተሳሳተውን ሒሳብ እንቆልፈው» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልነው። ነገር ግን የውጤት ቀን አንድ ተንኮለኛ የተማሪዎችን መለያ ቁጥር እየጻፈ ሆን ብሎ አምስት አምስቴ ቢሳሳት፣ ጥፋት የሌለበት ተማሪ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ከመቆለፍ ይልቅ የመጠበቂያውን ጊዜ በየስሕተቱ ማርዘም ይሻላል እንላለን፤ ቈጠራውም በአድራሻም በሒሳብም ይሁን።

ይህን ለመሞከር የፈለገ ሠልጣኝ በራሱ ሒሳብ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ በጥቂት ሙከራ ይጀምር። የሌላውን ሰው መለያ «ለትምህርት ነው» ብሎ መነካካት በሕግ ያስጠይቃል።

ለሚቀጥለው ዕትም መልመጃ፦ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር በአምስት ሙከራ ብቻ የመገመት ዕድሉ ስንት ነው? ሙከራው በ1,000 ሒሳቦች ላይ አምስት አምስት ጊዜ ቢደረግስ፣ ቢያንስ አንዱ የመከፈት ዕድሉ? መልሳችሁን ከነአሠራሩ ጻፉልን።