የጠረጴዛ ቴኒስ አሰልጣኝ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ያንሳ?

ቀድሞ የሚሄደው

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 2.7 ግራም ትመዝናለች። ጠረጴዛውም ርዝመቱ 2.74 ሜትር ነው። ለዚህች ኳስ ብሎ ክብደት ማንሳት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ዲላ ውስጥም ሌላ ቦታም አይጠፋም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተጫውተው አሁን ልጆች የሚያሠለጥኑ ሰዎች ደግሞ «ጨዋታው የእጅ ነው፤ እጄም አልረሳም» ይላሉ። እጅስ በእርግጥ አይረሳም። ኳሷ ከተጋጣሚ ራኬት ስትነሳ ወዴት እንደምትሄድና እንዴት እንደምትሽከረከር መገመት እንዲያውም ከዕድሜ ጋር ይበስላል። ችግሩ እዚያ መድረሱ ላይ ነው። የሃምሳ አምስት ዓመቱ ተጫዋች ጥግ ላይ የምትወድቀውን ኳስ ከወጣቱ ቀድሞ ያያታል፤ ሲደርስባት ግን አልፋለች።

ምክንያቱ ያለው ጡንቻ ውስጥ ነው። ጡንቻችን ቶሎ የሚኮማተሩና ዝግ ብለው የሚሠሩ ክሮች አሉት፤ ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ የሚሳሱት ፈጣኖቹ ናቸው። ሰው ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ወዲህ በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ከስልሳ በኋላ ደግሞ ይብሳል። ከጡንቻው መጠን ይልቅ ጥንካሬው፣ ከጥንካሬው ይልቅ ያንን ጥንካሬ በቅጽበት የማውጣት አቅሙ ፈጥኖ ይወርዳል። የእኛ ጨዋታ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ የመጨረሻውን ነው።

ጨዋታውም በበኩሉ አልቆመም። በ1980ዎቹ የተማረ ሰው የለመደው 38 ሚሊ ሜትር ኳስና እስከ 21 ነጥብ የሚዘልቅ ጨዋታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ኳሷ 40 ሚሊ ሜትር ሆነች፤ በ2001 ጨዋታው ወደ 11 ነጥብ አጠረ፤ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በሴሉሎይድ ምትክ ፕላስቲክ መጣ። የዛሬዋ ኳስ እንደ ድሮዋ አትሽከረከርም። በእጅ አንጓ ብቻ ጠምዝዞ ነጥብ ማግኘት ስለከበደ ምቱ ከእግርና ከዳሌ መነሳት አለበት።

አሰልጣኝ ውሎው ሁሉ ስፖርት ነው?

አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙዎች ስለሚዘናጉበት ነው። አሰልጣኝ ባልዲ ሙሉ ኳስ አጠገቡ አድርጎ በተከታታይ ሲያቀብል የሚሮጠው ተማሪው ነው። እሱ አንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ እጅ፣ ያንኑ አጭር እንቅስቃሴ መቶ ጊዜ ይደግማል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኳስ ይለቅማል፤ እንደገና ያቀብላል። ትከሻው ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ወገቡ ይጎብጣል፣ ጭኑ ግን ሥራ ፈት ነው። ማታ ሲደክመው ልምምድ የሠራ ይመስለዋል።

በዚህ ላይ ጨዋታው ወደ አንድ ጎን ያደላል። ራኬት የሚይዘው ትከሻ ወደፊት ይሳባል፤ ክንድን ከምት በኋላ የሚያቆሙት የትከሻ ጀርባ ጡንቻዎች ግን አብረው አይጠነክሩም። ስለዚህ አሰልጣኝ ከሁሉ በፊት ማጠንከር ያለበት እግሩን፣ ጀርባውንና ራኬት የማይዝበትን ጎኑን ነው። የፎርሃንድ ክንዱን ለማሳበጥ የሚለፋ አሰልጣኝ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ጊዜውን እያባከነ ነው።

ዳገቱስ አይበቃም?

የጌዴኦ ሰው እዚህ ላይ ቢከራከረኝ አልፈርድበትም። በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡና፣ እንሰትና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ላይ የሚበቅሉበት ተዳፋት ነው፤ እዚያ የሚኖር ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይወርዳል። ቁልቁለት በተለይ ይጠቅማል። ሲወርዱ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ይይዛል፤ ወደ ጎን ሮጦ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀጥ ማለትም ይህንኑ ብሬክ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሰውነት የለመደውን ጭነት እንደ ጭነት አይቆጥረውም፤ ዳገቱ ደግሞ ዓመት ከዓመት ያው ነው። ጥንካሬ የሚመጣው ጭነቱ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሲጨምር ነው። (ከተማ ውስጥ ሆኖ ሁለት ፌርማታ በባጃጅ የሚሄድ አሰልጣኝ የገበሬውን ዳገት ለራሱ መቁጠር የለበትም።)

ጀሪካን፣ ወንበርና ላስቲክ

ጂም የሚገቡ ከሆነ መልካም። ካልሆነ ጀሪካን ይበቃል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ክብደቱን በትክክል ያውቁታል፣ ሲፈልጉም በአንድ ኪሎ ይጨምሩበታል።

መጀመሪያ ከወንበር መነሳት። 5 ሊትር ውኃ ደረትዎ ላይ አቅፈው፣ በእጅዎ ምንም ሳይደገፉ ይነሱ፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይበቃል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊከብዱዎ ይገባል፤ 12ቱን እንደ ዋዛ ከጨረሱ ግን ውኃ ይጨምሩ።

ሁለተኛው ጀሪካኑን ከመሬት ማንሳት ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው ይቁሙ፤ ጉልበትዎን ለቀቅ ያድርጉ። በጀርባዎ በር የሚዘጉ ይመስል መቀመጫዎን ወደኋላ ይግፉ። ጀርባዎ ቀጥ እንዳለ ጀሪካኑን ይዘው ይነሱ። ልብ ካሉት ይህ አቋም ሰርቪስ የሚጠብቅ ተጫዋች አቋም ነው፤ ኳስ ሲለቅሙም መከተል ያለብዎ ይኸው ነው። በ10 ሊትር ይጀምሩ። ጀርባዎ መጉበጥ አለመጉበጡን ራስዎ ስለማያዩት ሰው ከጎን ይመልከትልዎ።

ሦስተኛ፣ ጀሪካኑን ራኬት በማይዙበት እጅ አንጠልጥለው 40 ርምጃ ያህል ይሂዱ። ሰውነት ወደ ጀሪካኑ እንዳያዘነብል የሚታገለው የጎንና የሆድ ጡንቻ ነው። በሌላውም እጅ ይድገሙት፤ ደካማው ጎን ግን አንድ ዙር ይጨመርለት።

ለትከሻ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ ምሰሶ ላይ ያስሩ። ክርንዎን ወደኋላ እየሳቡ ይጎትቱ፤ ቀጥሎ ክርንዎን ከጎንዎ ሳያላቅቁ እጅዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ። እዚህ ላይ ቀስታ እንጂ ጉልበት አያስፈልግም። ለባት ደግሞ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፣ ለደረት ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ተደግፎ ፑሽ አፕ።

ሁሉንም ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይሥሩ። ሲያነሱ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ ትንፋሽ አምቆ ማንሳት የደም ግፊትን በቅጽበት ያስፈነጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያም ለአዋቂ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል፤ ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ያለበት እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲሠሩ ይላል።

«አሁንማ አለፈብኝ» ለሚል አንድ ነገር ልንገረው። በ1990 በታተመ ጥናት፣ ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት ከባድ የእግር ልምምድ ጀመሩ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዘጠኙ የጭናቸው ጥንካሬ በአማካይ ከእጥፍ በላይ አደገ።

ፍጥነቱ ኋላ ይመጣል

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ያንኑ የወንበር ልምምድ ክብደቱን ቀንሰው ይሥሩት፤ ሲነሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ሲቀመጡ ሦስት እየቆጠሩ። አምስት ጊዜ በቂ ነው፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ያቁሙ። ከዚያ ያለ ኳስ ሁለት ርምጃ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ፣ ቀጥ ብሎ መቆም። ከሳጥን ላይ መዝለልን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው።

ጉዳዩ ግን ሁሉ በእግር አያልቅም። በ1963 ሻንጋይ የተወለደችው ኒ ሺያሊያን በ1983 ከቻይና ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆና፣ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ በ61 ዓመቷ ለሉክሰምበርግ ተሰልፋ የመጀመሪያ ግጥሚያዋን አሸንፋለች። ከጠረጴዛው ሳትርቅ፣ ኳሷን እያቀያየረች ተጋጣሚዋን ታስሮጣለች። በቀጣዩ ዙር በወቅቱ የዓለም አንደኛ የነበረችው ሱን ዪንግሻ አሸነፈቻት፤ በዚያ ዕድሜ ያ አያስወቅስም።

ቆጮና አብሮት የሚቀርበው

ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ያረጀ ጡንቻ ደግሞ ከወጣት ጡንቻ የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ65 እስከ 78 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ አለው። ስለዚህ ቆጮውን ከአይብ፣ ከቦሎቄ ወይም ከሥጋ ጋር ያድርጉት፤ በጾም ወራት ሽሮና ምስር ሳህኑን ይሙሉት። ሁሉንም ለማታ ከማከማቸት ለሦስቱም ማዕድ ማካፈል ይሻላል። ቡናውን አልነካም፤ ይርጋጨፌ አጠገብ ተቀምጦ ቡና ቀንሱ የሚል አስተማሪ የሚሰማው የለም።

ሲያም

ከመጀመርዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎን ይለኩ። ሄርኒያ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ ሐኪም ሳያማክሩ ጀሪካን አያንሱ። በልምምድ መሐል ደረት የሚያጨንቅ፣ የሚያዞር ነገር ከመጣ ወዲያው ያቁሙና ይታከሙ።

ከልምምድ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጡንቻ ቢታመም ደግ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም፣ ያበጠ ጉልበት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃ ትከሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ይጠነክራል፤ «ቀለለኝ» ብለው በአንድ ሳምንት 5 ሊትር የሚጨምሩ ሰዎች የሚጎዱት ለዚህ ነው። ትከሻዎ ካስቸገረዎ ላስቲኩንም ምቱንም ቀንሰው ኳስ የማቀበሉን ሥራ ለተማሪዎች ያከፋፍሉ፤ የሚያቀብለው ልጅ ኳስ እንዴት እንደሚሽከረከር በገዛ እጁ ይማራል፣ እርስዎም ከጎን ቆመው የሌላኛውን ተማሪ የእግር አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያዩታል።