ገፈርሳ ከመድረሱ በፊት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በሥሩ ተጠቃለዋል። ቡራዩ አጠገብ፣ ገፈርሳ፣ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰው እዚያ ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከጓደኞቹ ሲሸሽ፣ ትምህርት ሲያስጠላው "ጠባዩ ተበላሸ" እንላለን። ሲብስበት "ልክፍት ነው" ተብሎ ይደበቃል፤ እናቱም ከጎረቤት ቡና ትቀራለች። በአንድ ልጅ ሕመም ቤተሰቡ በሙሉ ይዘጋል ማለት ነው።

ታዲያ ድጋፉ ከየት ይምጣ? በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዋን ቤት ድረስ ያስገባታል። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተካሄደው የፕራይም ፕሮጀክት ደግሞ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ከሠለጠኑ ሕክምናው በቅርብ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ጸበል የሚሄዱትም ቢሆኑ መድኃኒቱን ባያቋርጡ መልካም ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? "እብድ" የሚለውን ቃል ከዜናችን እናውጣ። በምትኩ ምልክቶቹንና የት መሄድ እንደሚቻል እንጻፍ። አንዲት እናት አንብባው ልጇን በጊዜ ጤና ጣቢያ ከወሰደችው፣ ዜናው ሥራውን ሠርቷል።