በጀርሲ ቤት ለመከራየት

ጀርሲ ከኖርማንዲ ጠረፍ 22 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ስፋቷ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ደሴት ናት። ንጉሧ የብሪታንያው ነው፤ ምክር ቤቷና ሕጓ ግን የራሷ። በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ 57 ሺህ የነበረው ሕዝቧ በ2021 ቆጠራ 103,267 ደርሷል። በደሴቲቱ የተወለደው ግማሹ ብቻ ነው።

ወደብ ላይ ቆሞ መጤን መመለስ ቀላሉ ዘዴ ይመስላል። ጀርሲ ግን ከብሪታንያና ከአየርላንድ ጋር በጋራ የጉዞ ቀጣና ስለተሳሰረች፣ ከለንደን የመጣ እንግሊዛዊን ቪዛ ልትጠይቀው አትችልም። ስለዚህ መግባቱን ትታ ማደሩንና መሥራቱን ያዘች። መነሻው የ1949 የቤቶች ሕግ ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት የ2012ቱ የመኖሪያና የሥራ ቁጥጥር ሕግ ነው።

አዲስ መጤ ሲመዘገብ ደረጃውን የሚገልጽ ካርድ ይሰጠዋል። በዝቅተኛው ደረጃ ያለ ሰው ያሻውን ቤት መግዛትም ሆነ መከራየት አይፈቀድለትም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በተፈቀደ ማረፊያ ወይም ሰው ቤት ተዳብሎ ይኖራል። ቀጣሪውም ቢሆን እንደ እሱ ያሉትን ስንት መቅጠር እንደሚችል በንግድ ፈቃዱ ላይ ተወስኖለታል። አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ የሥራው ገደብ ይነሳለታል፤ የቤቱ ግን አሥር ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል። ሐኪም ወይም ሌላ በጣም የሚፈለግ ባለሙያ ከሆነስ? ሥራው ላይ እስካለ ድረስ በመጣ ማግስት ቤት መግዛት ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ። የሆቴል አልጋ የምታነጥፈውና ድንች የሚለቅመው፣ ብዙዎቹ ከፖርቱጋሏ ደሴት ከማዴይራ የመጡ፣ ግብር እየከፈሉ አሥሩን ዓመት በጠባብ ክፍል ይቆጥራሉ። ሕጉ መምጣትን ሳይሆን መደላደልን ነው የሚያዘገየው። የሕዝቡ ቁጥር እጥፍ ሊሆን የተቃረበውም ያው ቁጥጥር እያለ ነው፤ ባንኮቹና ሆቴሎቹ ሰው ባስፈለጋቸው ቁጥር ፈቃድ ሲጠይቁ፣ መንግሥት ሁሉንም እምቢ ማለት አይሆንለትም።

በሌላ በኩል የሚወለዱት ሕፃናት እየቀነሱ፣ ጡረተኞቹ እየበዙ ነው። ያለ መጤ ሆስፒታሉን ማን ያንቀሳቅሳል? የጡረታ መዋጮውንስ ማን ይከፍላል? ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ለእርሻና ለሆቴል ከውጭ ለሚመጣ ሠራተኛ በጊዜ የተገደበ ፈቃድ ይሰጠዋል። ጉልበቱ ደሴቲቱን ያገለግላል፤ ፈቃዱ ግን አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ያበቃል።