የካሚካትሱ ባልቴቶችና የሙያ ሥልጠና

እንደሚታወቀው በእኛ አገር «የሙያ ሥልጠና» ሲባል ቶሎ የሚታየን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፡፡ አብዛኛው ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ አይፈረድብንም፡፡ ግን ወጣቶቹ ጥለውት የሄዱት፣ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ብቻ የቀሩበት አካባቢ ማንን ያሠልጥን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ከጃፓን ገጠር አንድ ምሳሌ ለማየት እሞክራለሁ፡፡ ነገሩ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችንም ስለሚመለከት በኋላ እመለስበታለሁ፡፡

የጃፓን ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ 128 ሚሊዮን ደርሶ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ዛሬ ከአሥር ሰው ሦስት ያህሉ 65 ዓመት የሞላው ነው፡፡ በከተሞች «የሲልቨር የሰው ኃይል ማዕከላት» የሚባሉ ተቋማት አሉ፡፡ በ1970ዎቹ ቶኪዮ ላይ ተጀምረው በ1986 በሕግ የተደገፉ ሲሆን፣ 60 ዓመት ለሞላቸው አባላት እንደ ጽዳትና አትክልት መከርከም ያለ ቀላልና ጊዜያዊ ሥራ ያገናኛሉ፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ይሁንና ይህ አሠሪ ያለበትን ቦታ ይጠይቃል፡፡

ካሚካትሱ ግን አሠሪ አልነበረባትም፡፡ በሺኮኩ ደሴት፣ በቶኩሺማ ግዛት ተራሮች መካከል የተበታተነች ትንሽ ወረዳ ናት፡፡ በ1950ዎቹ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ነበራት፤ በ2020 ቆጠራ 1,400 ገደማ ብቻ ቀርቷል፤ ከግማሽ በላዩም አረጋዊ ነው፡፡ ከእንጨት ሌላ የሚያኖራት የመንደሪን ተክል ነበር፡፡ በ1981 ክረምት የወረደው ኃይለኛ ውርጭ ተክሉን ፈጀው፡፡

ያኔ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የግብርና አማካሪ ሆኖ የሚሠራ ዮኮይሺ ቶሞጂ የሚባል ወጣት ነበር፡፡ ኦሳካ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ ያሉ ሴቶች ሳህኑን ባስጌጠው የሜፕል ቅጠል ተደስተው ሲያነሡት አየ፡፡ ቅጠል! እኛ ጋ እኮ ተራራ ሙሉ ነው ብሎ ወደ መንደሩ ሮጠ፡፡ ሐሳቡን የሰሙት ግን አልተቀበሉትም፤ ቅጠል ለቅሞ መሸጥ ሰው የሚያዋርድ መሰላቸው፡፡ በ1986 በጣት የሚቆጠሩ ሴቶች ብቻ ይዞ ጀመረ፡፡ ስሙም «ኢሮዶሪ» ተባለ፤ ማቅለም እንደ ማለት ነው፡፡

መጀመሪያ ላይ አልተሸጠም፡፡ ለምን? ባልቴቶቹ ዛፉን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የትኛው ቅጠል የት ተዳፋት ላይ መቼ እንደሚቀላ ማንም አያስተምራቸውም፡፡ በእኛ ቋንቋ፣ ሲኦሲ የማያስፈልገው ሙያ ነው፡፡ የማያውቁት ሳህኑን ነበር፡፡ ምግብ ቤቱ የሚፈልገው እንከን የሌለው፣ መጠኑ እኩል የሆነ፣ ወቅቱንም ትንሽ ቀደም ብሎ የሚያበስር ቅጠል ነው፤ ለምሳሌ የኮክ አበባ ለመጋቢት 3ቱ የሴት ልጆች በዓል መድረስ አለበት፡፡ ዮኮይሺ በገዛ ደመወዙ ውድ ምግብ ቤቶች እየበላ ይህንን አጥንቶ መጣና አስተማረ፡፡ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የኔ ነጥብ፡፡ ሥልጠናው ሰዎቹን ከዜሮ አልጀመራቸውም፡፡ ያላቸውን እውቀት እንዳለ ትቶ የጎደለውን ብቻ ሞላ፡፡

ቀጥሎ የጎደለው መረጃ ነበር፡፡ ትእዛዝ በፋክስ ይመጣ ጀመር፤ በ1999 ኢሮዶሪ ኩባንያ ሆኖ ሲቋቋም ኮምፒዩተር ገባ፡፡ ለአረጋዊ እጅ እንዲመች መዳፊቱን ትተው ትልቅ የሚሽከረከር ኳስ አደረጉበት፡፡ በኋላ ደግሞ ታብሌት ተተካ፡፡ ጠዋት ትእዛዝ ይወጣል፣ ቀድሞ የነካው ይወስዳል፡፡ እያንዳንዷ የራሷን ሽያጭና ከሌሎቹ ስንተኛ እንደሆነች ታያለች፡፡ የሰባ ዓመት ባልቴት ለፈተና ሳይሆን ጎረቤቷ እንዳትቀድማት ስትል ኮምፒዩተር ተማረች ማለት ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከማንኛውም ማኑዋል የበለጠ ያስተማራቸው ይኸው ፉክክር ነው፡፡ ከ300 በላይ ዓይነት ቅጠልና አበባ ይሸጣሉ፤ ጥቂቶቹ በዓመት እስከ 10 ሚሊዮን የን አግኝተዋል፡፡ ቅጠል ክብደት የለውም፤ ዕድሜ የገፋም ሰው ሣጥኑን ያነሣዋል፡፡

ታዲያ ወሬው ዓለምን ዞረ፡፡ በ2012 ፊልም ተሠራበት፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ጎረፉ፡፡ የተጻፈው አብዛኛው «ሀብታም የሆኑ አያቶች» የሚል ነው፡፡ እውነት ነው፣ ደግሞም ደስ ይላል፡፡ ነገር ግን ከላይ የጠቀስኳቸውን ሁለት ቁጥሮች መልሳችሁ እዩ፡፡ ሥራው ከተጀመረ ወዲህም የወረዳዋ ሕዝብ መቀነሱን አላቆመም፡፡ ሥልጠና ለአረጋዊ ገቢና የሚነሣበት ምክንያት ይሰጣል፤ ልጅ አይወልድም፣ የሄደውንም ወጣት በግድ አይመልስም፡፡ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ዜናውን ግማሽ ያደርገዋል፡፡ በሁለተኛ ዓመት የዘገባ ክፍል «ሰውን ያሳተፈ ጽሑፍ» ስንማር ይኼ ወጥመድ ይደጋገማል፤ ፈገግ ያለች አያት ፎቶ ላይ ካለች ቁጥሩን የሚጠይቅ የለም፡፡

ሌላም ሊጠየቅ የሚገባው አለ፡፡ ገበያው አንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ የቆመ ነው፡፡ በ2020 በኮሮና ምክንያት ምግብ ቤቶች ሲዘጉ የቅጠል ትእዛዝም አብሮ ወረደ፡፡ ኩባንያው ከ2010 ወዲህ ወጣቶችን ከሌላ አካባቢ እየጠራ ከባልቴቶቹ ጎን ሆነው እንዲለማመዱ ያደርጋል፤ አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተዋል፡፡ አሁን አሠልጣኟ ባልቴቷ፣ ሠልጣኙ ወጣቱ ነው፡፡ ዛፍ ደግሞ ተተክሎ የሚሸጥ ቅጠል እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ እዚያ የሚሄድ ዘጋቢ ከሽያጩ በፊት ዘንድሮ ማን ምን እንደተከለ ቢጠይቅ ይሻላል፡፡