የወፎች ቆጠራ በጣና ዳር

በሰሜን አውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲበረታ፥ እጅግ ብዙ ወፎች ወደ ደቡብ ይፈልሳሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በጣና ዳርቻ፥ በደንቢያና በፎገራ ረግረግ ነው። ፈረንጆች ክሬን የሚሉት ግራጫ ባለረጅም እግር ወፍ ከፊንላንድ፥ ከኢስቶኒያና ከምዕራብ ሩሲያ ይመጣል፤ ከጭቃ ውስጥ ትል የሚለቅሙ ትንንሽ ወፎችም አብረው ይውላሉ።

የነዚህን እንግዶች ቁጥር የሚያውቀው ማን ነው? ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀመረ። ከቆጣሪዎቹ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጊዜው በፈረንጆች ጥር ወር የሆነው፥ ያን ጊዜ ወፎቹ ጉዞአቸውን ጨርሰው በአንድ ቦታ ስለሚሰነብቱ ነው፤ በጉዞ ላይ ቢቆጠሩ አንዱ መንጋ በሁለት ቦታ ይቆጠራል።

ዘዴው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ቦታው አስቀድሞ ይወሰናል፤ በየዓመቱም አይለወጥም።

2ኛ/ ሰዓቱ እንደ ወፉ ጠባይ ይመረጣል። ክሬን ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ቀን ከታጨደ ማሳ የረገፈ እህል ይለቅማል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ከማደሪያው ሲነሣ ወይም ማታ ሲመለስ ይቆጠራል።

3ኛ/ መንጋው ሲበዛ፥ አሥር ወፎች ተቆጥረው የያዙት ስፋት በዓይን ይመዘናል። ያ ስፋት በመንጋው ውስጥ 40 ጊዜ ቢገባ፥ ወፎቹ 400 ያህል ናቸው ማለት ነው።

4ኛ/ አንድም ወፍ ካልታየ «0» ተብሎ ይጻፋል። መስመሩ ባዶ ከተተወ፥ ወፍ አለመኖሩን ወይም ሰው አለመሄዱን መለየት አይቻልም።

ይህች «0» ለአካባቢያችን ታላቅ ነገር ናት። በፎገራ የሸሸርና የወለላ ረግረጎች ውሃቸው ለመስኖ እየተሳበ፥ ዳራቸውም እየታረሰ ጠበዋል። እምቦጭም በጣና ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተስፋፍቷል። ገበሬው እህል ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ስንት ወፍ ይውልበት እንደ ነበረ ያልተጻፈለት ረግረግ ሲደርቅ፥ የጠፋውን ነገር የሚመሰክር አይገኝም።

ከጎንደር ፒያሳ እስከ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ አንድ የርቀት መነጽር፥ ደብተርና እርሳስ የያዙ ሦስት ተማሪዎች ለሥራው ይበቃሉ። ተማሪ ግን ተመርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ደብተሩ የግለሰብ ሳይሆን የማኅበሩ ንብረት ይሁን፤ ተመራቂውም ከመሄዱ በፊት ለታናናሾቹ ያስረክብ። የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ሐይቁ ምን እንደ ደረሰበት የሚታወቀው ቁጥሩ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው።