የክሬዲት ካርድን ዕዳ ወደ ሌላ ካርድ ስለ ማዛወር

በአሜሪካ አገር ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ከፍቶ የሚነግድ ሰው፣ ማቀዝቀዣው ሲበላሽበት ወይም ዕቃ የሚያስረክበው ነጋዴ ሒሳቡን ሲጠይቀው፣ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ከሌለ ብዙ ጊዜ በክሬዲት ካርድ ይከፍላል። ካርዱም የዕለቱን ችግር ያቃልልለታል፤ ነገር ግን ሒሳቡ በጊዜው ተጠናቆ ካልተከፈለ፣ በቀሪው ላይ በዓመት ከመቶ 20 የሚበልጥ ወለድ ሊታሰብበት ይችላል። እንዲህ ያለው ወለድ የሱቁን ትርፍ ቀስ በቀስ ይበላል።

ይህን ወለድ ለመቀነስ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ዕዳን ማዛወር ነው። ይኸውም በአንድ ባንክ ካርድ ላይ ያለውን ዕዳ ሌላ ባንክ በሚሰጠው ካርድ ዘግቶ፣ ከዚያ በኋላ ለአዲሱ ባንክ መክፈል ማለት ነው። አዲሱ ባንክ ደንበኛ ለማግኘት ሲል ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር፣ ወለድ አያስከፍልም፤ ስለ ማዛወሩ ግን በአብዛኛው ከመቶ 3 እስከ 5 ይወስዳል።

ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ 6,000 ዶላር ዕዳ አለበት፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 24፣ ማለት በወር ከመቶ 2 ነው እንበል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 120 ዶላር ይሆናል። ዕዳውን በ18 ወር ለመጨረስ ቢያስብ በየወሩ 400 ዶላር ያህል መክፈል አለበት፤ በጠቅላላው የሚከፍለው ወለድም 1,204 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ዕዳውን ከመቶ 3 ከፍሎ ለ18 ወር ወለድ ወደማይታሰብበት ካርድ ቢያዛውር ግን፣ የማዛወሪያው ዋጋ 180 ዶላር ብቻ ነው። 6,180 ዶላር ለ18 ወር ሲካፈል በወር ከ344 ዶላር አይበልጥም፤ 1,024 ዶላር ያህልም ይተርፈዋል።

ይሁን እንጂ ማዛወር ዕዳውን አይሰርዝም፤ የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። ይኸው ባለሱቅ በወር 100 ዶላር ብቻ ቢከፍል፣ ከ18 ወር በኋላ 4,380 ዶላር ይቀርበታል፤ ወለዱም እንደገና ይጀምራል።

ስለዚህ የሚያዛውር ነጋዴ የሚከተለውን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ጠቅላላውን ዕዳ ወለድ በማይታሰብባቸው ወሮች ቁጥር አካፍሎ፣ የደረሰውን ሒሳብ በየወሩ ሳያጓድል ይክፈል። ሁለተኛ፣ ዝውውሩ መፈጸሙን እስኪያረጋግጥ ድረስ ለቀድሞው ካርድ መክፈሉን አያቋርጥ። ሦስተኛ፣ በአዲሱ ካርድ ሌላ ዕቃ አይግዛበት፤ አዲሱ ግዢ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወለድ ሊታሰብበት ይችላልና። አራተኛ፣ በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ሊከፍለው የሚችለውን ዕዳ አያዛውር፤ የማዛወሪያው ዋጋ ከወለዱ ሊበልጥ ይችላል።

በተለይ ለነጋዴ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ፣ የቅናሽ ወለድ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆይ ያዛል፤ ነገር ግን ይህ ሕግ በአብዛኛው የሚጠብቀው የግል ካርድ የያዘውን እንጂ በንግድ ስም ካርድ ያወጣውን አይደለም። ስለዚህ ካርዱ የንግድ ከሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት የቅናሹ ዘመን መቼ እንደሚያበቃና በምን ምክንያት ሊቋረጥ እንደሚችል ከውሉ ላይ አንብቦ መረዳት የነጋዴው የራሱ ፋንታ ነው።