ማቀዝቀዣ ውሃ ሲያፈስ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውሃም፣ ስለ ነገር ሥርም ነው።

መብራት በገባበት ቀበሌ ሁሉ አዳዲስ ዕቃዎች አብረው ይገባሉ። ከእነዚህ አንዱ ማቀዝቀዣ ነው። በተለምዶ ፍሪጅ እንለዋለን። ዕቃውን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ጠባዩን ማወቅ ግን ሌላ ነው። ጠባዩን ባለማወቃችን በእኛ ቀበሌ የደረሰውን እንንገራችሁ።

የሆነው ነገር

በኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሱቅ ውስጥ አንድ ማቀዝቀዣ አለ። ለስላሳ፣ ወተትና አትክልት ይቀመጥበታል። ከሁሉ በላይ ግን በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ ሣጥን አለች። በውስጧ የሚቀመጠው ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒት ነው። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ የስኳር በሽታ አለበት። ይህን መድኃኒት በየቀኑ በመርፌ ካልወሰደ በሕይወት መቆየት አይችልም። እናቱ ቤት ማቀዝቀዣ ስለሌለ፣ ያልተከፈተው መድኃኒት በሱቁ እንዲቀመጥ ማኅበሩ ተስማማ።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ማታ የሱቁ ሠራተኛ ሊዘጋ ሲል፣ ከማቀዝቀዣው ሥር ውሃ ሲፈስ አየ። ጠራንና ተሰበሰብን። እንደምታውቁት ሰው ሲበዛ ምክርም ይበዛል።

አንዱ፣ «ኧረ ጋዙ ነው የሚፈሰው!» አለ።

ሌላው፣ «ዕድሜው ደርሷል፤ ቶሎ ይሸጥ» አለ።

ሦስተኛው ደግሞ፣ «ቅዝቃዜው አንሶ በረዶው እየቀለጠ ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሩት» አለ።

የሦስተኛው ምክር እውነት መሰለን። የቅዝቃዜ ማስተካከያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርነው። መደርደሪያውን ስንወለውልም የመድኃኒቱን ሣጥን ወደ ኋላ ገፋናት። ከዚያ ሱቁን ዘግተን ወደየቤታችን ሄድን።

በማግሥቱ ጧት ውሃው ከትናንቱ በዝቶ ጠበቀን። ሣጥኗም ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ነበር። ስንከፍታት በውስጧ ካሉት ሁለት ብልቃጦች አንዱ በረዶ ሆኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠራናት። እሷም አይታ፣ «አንድ ጊዜ በረዶ የያዘ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ሥራውን አይሠራም። ይህ ይጣላል። አጠገቡ የነበረውም ያጠራጥራል፤ ለልጁ አይሰጥም» አለች።

እናቲቱ ዝም ብላ ቆመች። ደግነቱ በየቀኑ የሚወሰደው፣ የተከፈተው ብልቃጥ በቤቷ ነበር። እሱም ለጥቂት ቀናት ብቻ ይበቃል። እሷም በዚያው ዕለት ሌላ መድኃኒት ለማምጣት ወደ ሆስፒታል መንገድ ጀመረች።

ወገኖቻችን፣ ልብ በሉ። መድኃኒቱን ያበላሸው የፈሰሰው ውሃ አይደለም። ያበላሸው ምክንያቱን ሳናውቅ እጃችንን ማስቀደማችን ነው። ቁልፉን ያዞርነው እኛው ነን።

ውሃው ከየት መጣ?

ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ዋልካ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛ ሰማይ ተቀደደ እንላለን? ቦዩ ተደፍኖ እንደሆነ አይደል የምናየው? ይህም ዕቃ ቦይ ይኖረው ይሆናል፤ እስቲ ፈልጉ።»

እውነትም ቦይ ነበረው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በምንተነፍሰው አየር ውስጥ በዓይን የማይታይ የውሃ ተን አለ። ተኑ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ጧት በሣር ላይ የምናየው ጤዛ ከዚህ የመጣ ነው። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ በውጭ በኩል የሚያልበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጠርሙሱ አልቀዳደደም፤ ውሃው የመጣው ከአየሩ ነው።

የማቀዝቀዣውን በር በከፈትን ቁጥር እርጥብ አየር ይገባል። ተኑም ቀዝቃዛውን የኋላ ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ወይም ውርጭ ይሆናል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ውሃው ይበዛል።

የእኛን በመሰሉ ብዙ ማቀዝቀዣዎች ይህ ውርጭ በየጊዜው በራሱ እየቀለጠ ይወርዳል። ከግድግዳው ግርጌ ትንሽ ቦይ አለች። በቦይዋ መካከል ደግሞ ቀዳዳ አለ። ውሃው በቀዳዳው ገብቶ፣ በቱቦ ወርዶ፣ ከኋላ በኩል ሞተሩ ላይ ባለው የውሃ መቀበያ ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲሠራ ይሞቃል። በሙቀቱም ውሃው ተመልሶ ተን ይሆናል። ዕቃው ደህና ሲሆን ውሃውን የማናየው ለዚህ ነው።

ቀዳዳው ሲደፈን ግን ውሃው መሄጃ ያጣል። ወደ ታችኛው የአትክልት መሳቢያ ይወርዳል፤ ሲሞላም በበሩ በኩል ወደ ወለሉ ይፈሳል።

ጋዝ ነው ያለው ሰው ተሳስቶ ነበር። የማቀዝቀዣ ጋዝ ከቱቦው ቢያመልጥ በአየር ላይ ይበናል እንጂ በወለል ላይ ኩሬ አይሠራም። ጋዝ ያለቀበት ማቀዝቀዣ ምልክቱ ሞተሩ እየሠራ አለማቀዝቀዙ ነው። የእኛ ግን በደንብ ያቀዘቅዝ ነበር።

እንዴት አስተካከልነው?

አንደኛ፣ መብራቱን አቋረጥን። ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ ደረቅ ሥፍራ ላይ ቆመን፣ ጫማ አድርገን፣ በደረቅ እጅ ሶኬቱን ነቀልን። ውሃው ሶኬቱን ወይም ገመዱን ነክቶ ቢሆን ኖሮ፣ አስቀድሞ ከቆጣሪው በኩል ማጥፋት ይገባን ነበር።

ሁለተኛ፣ ውስጡን ባዶ አድርገን ታችኛውን መሳቢያ አወጣን። ውሃ ተኝቶበት ነበር። የመጣው ከውስጥ መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀዳዳዋን ፈለግን። የሽንኩርት ልጣጭና የጎመን ቅጠል ደፍኗታል። የሚታየውን በእጅ ለቀምን። ከዚያ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ቀስ እያልን ገፋንበት። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ስለሚጎዳ አይሆንም። ሹል ሽቦም ቱቦውን ይበሳል። የሚያስፈልግ ከሆነ ለስላሳና የሚተጣጠፍ ነገር ይበቃል።

አራተኛ፣ ወደ ኋላ ዞረን የውሃ መቀበያ ሳህኑን አየን። ያፈሰስነው ውሃ እዚያ ደርሷል። ስለዚህ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ሳህኑ ተሰንጥቆ ወይም ከቦታው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃው ከኋላ በኩል ይፈስ ነበር።

አምስተኛ፣ ሁሉን አድርቀን፣ ቁልፉን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሰን ሶኬቱን ሰካን። የፈጀብን ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። ያወጣነውም ገንዘብ የለም።

ሌሎች ምክንያቶች

ውሃ የሚፈስሰው ቀዳዳ ስለተደፈነ ብቻ አይደለም። የሚከተሉትንም መመልከት ያስፈልጋል።

የበሩ ጎማ። ጎማው ከቆሸሸ ወይም ከተሰነጠቀ እርጥብ አየር ሌት ተቀን ይገባል። ለመፈተን አንድ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አድርገን በሩን እንዘጋለን። ወረቀቱ ሲሳብ ያዝ ካደረገ ጎማው ደህና ነው። ያለ ችግር ሾልኮ ከወጣ ግን አልገጠመም። በመጀመሪያ በሳሙናና በለብታ ውሃ እናጥበዋለን። ካልተስተካከለ ይለወጣል።

አቀማመጥ። ማቀዝቀዣው በሁለቱ ጎኖቹ እኩል መቆም አለበት። የፊት እግሮቹ ግን በጣም ጥቂት ከፍ ቢሉ በሩ በራሱ ይዘጋል። ብዙዎቹ ማቀዝቀዣዎች ከፊት በኩል የሚሽከረከሩ እግሮች አሏቸው።

ሙቅ ምግብ። ትኩስ ወጥ ወይም አሁን የተፈላ ወተት ከነእንፋሎቱ ከገባ ውስጡን በተን ይሞላዋል። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ተከድኖ ይግባ።

የመብራት መጥፋት። መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ በረዶው ይቀልጣል፤ ውሃም ይታያል። ይህ ብልሽት አይደለም። በሩን አለመክፈት ነው። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ውስጡ ያለው ምግብ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል።

በረዶ የሚያጠራቅም ዓይነት። አንዳንድ ማቀዝቀዣዎች በረዶውን በራሳቸው አያቀልጡም። በረዶው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ሲወፍር ሶኬቱን ነቅለን፣ በሩን ከፍተን እንዲቀልጥ እንተወዋለን። በረዶውን በቢላ ወይም በሚስማር መፈልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ከሥሩ ያለው የጋዝ ቱቦ ከተበሳ ያን ጊዜ ዕቃው በእርግጥ ይሞታል። ኩራዝ፣ ሻማ ወይም የከሰል ምድጃ ማስጠጋትም ክልክል ነው። በዘመኑ ማቀዝቀዣዎች በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ጋዝ በእሳት ይያያዛል።

ይህን ሁሉ አይተን ውሃው ካልቆመ፣ ወይም ዕቃው ማቀዝቀዝ ካቆመ፣ ባለሙያ መጥራት ነው። የማናውቀውን የኤሌክትሪክ ክፍል አንፈታም።

ስለ መድኃኒቱ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። መቀዝቀዝ አለበት፤ በረዶ መሆን ግን የለበትም። ስለዚህ በበረዶ ቤቱ ውስጥ ወይም ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ አይቀመጥም። በሩም በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ በበሩ መደርደሪያ ላይ ባይሆን ይመረጣል። መካከለኛው መደርደሪያ ይሻላል። በብዙ ማቀዝቀዣዎች የቁልፉ ቁጥር ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። ስለዚህ መድኃኒት ባለበት ማቀዝቀዣ ቁልፉን ማንም እንዳሻው አያዞርም።

እናቲቱ በቤቷ ያስቀመጠችውስ? የተከፈተ ብልቃጥ፣ ሥፍራው ሞቃት ካልሆነ፣ ያለ ማቀዝቀዣ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ያገለግላል። እሷም ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ በትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ታኖረዋለች። ማሰሮውን በሌላ ትልቅ ሸክላ ውስጥ አስገብታ በመካከላቸው አሸዋ ሞልታለች። አሸዋውን ጧትና ማታ ውሃ ታጠጣዋለች። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የእንሥራ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። ማቀዝቀዣችን ስንጸዳው የቆየውን ወተት እንኳ በዚህ ዓይነት አቆየነው።

እናቲቱ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ይዛ ተመለሰች። ሣጥኗም በመካከለኛው መደርደሪያ ተመልሳ ተቀመጠች። ማኅበሩም ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ቀዳዳዋ በወር አንድ ጊዜ እንድትጸዳ፤ አትክልትም ተጠቅልሎ ብቻ እንዲገባ። ሁለተኛ፣ ቴርሞሜትር ተገዝቶ በመደርደሪያው ላይ እንዲቀመጥ፣ የሱቁ ሠራተኛም ጧትና ማታ እያነበበ ቁጥሩን በደብተር እንዲጽፍ። ከማቀዝቀዣው በር ላይም በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «ቁልፉን አትንኩ። መጀመሪያ ጠይቁ።»

ማንበብ የቻለ ሁሉ ያነበዋል። ያልቻለውንም አጠገቡ ያለው ሰው ያነብለታል።

ጥያቄዎች

1. ማቀዝቀዣው ውሃ ሲያፈስ ሰዎቹ የሰጧቸው ሦስት ምክሮች ምንና ምን ነበሩ? የትኛው ጉዳት አደረሰ?

2. ከኋላው ግድግዳ የሚወርደው ውሃ ከየት ይመጣል? በየት በኩልስ ያልፋል?

3. ማቀዝቀዣ ከማጽዳታችን በፊት በመጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ለምን?

4. የበሩ ጎማ ደህና መሆኑን በወረቀት እንዴት እንፈትናለን? ወረቀት ፈልጋችሁ ሞክሩት።

5. በማሳችሁ ውሃ ተኝቶ ያውቃል? ምክንያቱን እንዴት አገኛችሁት? በደብተራችሁ በአምስት መስመር ጻፉ።